ስለማይደመጡ ሰዎች አንድ ሰዓት

ወንድሜ የሲን፣

ለንባብ ክበባችን ቃል የገባሁትን ውይይት ቀርጫለሁ። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዶክተር ቃለአብ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያንን አስፈሪ ቲዎሪ እንደ ተራ ወሬ አቀለሉልኝ፦ ማን እንደሚደመጥ፣ ማን ዝም እንደሚሰኝ። ከጎናችን እትዬ የሺ ሊፈርስ ከተወሰነው ሱቃቸው ዕቃ እያወጡ ብቻቸውን ያማርራሉ። አገራችን ደሴ ብሆን ተነስቼ አግዛቸው ነበር። እዚህ ግን ቀረጻው እንዳይረበሽ ብዬ «እማማ፣ ትንሽ ዝም ቢሉልን» አልኳቸው።

አሁን ሳዳምጠው፣ ስለማይደመጡ ሰዎች አንድ ሰዓት ሙሉ አውርተናል። የእትዬ የሺ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው፦ «እሺ ልጄ፣ ይቅርታ።»

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህንና ሳሊሀን ሰላም በልልኝ። ቅጂውን ለክበቡ ስታሰማ ያቺን ቦታ እንዳትቆርጣት። ዝም ያሰኘኋቸው እኔው ነኝ፣

ረሻድ