የአባባ ጠፍርና የፊት ጎማዋ

ግንቦት ፲፰፣ ከት/ቤት መልስ

ዛሬም ካሳ መኪናዋ ሥር ነው። የሚታየው እግሩ ብቻ። ማስታወሻዬ፣ ሾፌር አገባሁ ብዬሽ ነበር፤ ያገባሁት እግር ነው።

የፊት ቀኝ ጎማዋ ይወላገዳል። መሪውን ከጎማው የሚያገናኝ ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ እንደ ኳስ ክብ የሆነ ብረት ጎድጓዳ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። እሱ ተበልቷል። መለዋወጫው ከጎንደር ገና አልመጣም። የዘር ገብሱ ግን ተጭኗል፣ ለስማዳ። ዝናብ ከገባ መንገዱ ይዘጋል። አምና በረዶ የመታቸው የአባባ ጎረቤቶች ምን ሊዘሩ ነው?

ግንቦት ፲፱፣ ማታ

አባባ ዘሩን ሊያጅቡ ከስማዳ፣ ከወገዳ በእግራቸው መጡ። ካሳን ዛሬም በስሙ አልጠሩትም፣ «ሾፌሩ» ነው የሚሉት። እኔን ለዲያቆን አስበውኝ ነበርና። ተናደድኩ። እሱ ይስቃል።

ነገ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ ይላል። የስማዳን ቁልቁለት በዚህ ጎማ! እባክህ ቅር አልኩት። ገበሬ ዘር እየጠበቀ እንዴት እቀመጣለሁ አለ። አኮረፍኩ። ከዚያ ስንቁን ቋጠርኩለት፤ ምን ላድርግ፣ እወደዋለሁ።

ግንቦት ፳፣ ጧት 2 ሰዓት

አባባ ጉድ ሠሩ! ሳንነሳ ከመኪናዋ ሥር ገብተው የላላውን ዘንግ መኪናዋን ከተሸከመው ብረት፣ ከባሌስትራው ጋር ጠፍረውታል። ሞፈርና ቀንበር በሚያስሩበት እርጥብ የቆዳ ጠፍር። የላላ ይጠብቃል፣ ሌላ ምን ያውቃሉ። ካሳ መሪውን ቢያዞር፣ እምቢ።

ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። እሱ እቴ። አባባን እጃቸውን ይዞ ከጎኑ አስተኛቸው። እኔም ተንበርክኬ አየሁ፤ ካሳ እያሳየ ያስረዳል። ባሌስትራው መንገዱን ተከትሎ ላይና ታች ይላል፤ ዘንጉ ጎማውን ሊመራ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካሰሩ ሁለቱም ሥራ ይፈታሉ። ኳሷ እንደ ትከሻ ናት፣ ይዛም ታዞራለች።

ጨርሳ ብትበላስ? ጠየቁ አባባ። ትወልቃለች አለ ካሳ፤ መሪው በእጄ ይቀራል፣ ጎማው ወዳሻው ይሄዳል። ቁልቁለቱ ላይም? አሉ አባባ።

አባባ ጋቢያቸውን እያራገፉ ወጡ።

«ዘሩን አውርዱት። ልጄን ለዚህ ብረት አልሰጥም።»

ልጄ ያሉት እኔን አይደለም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ዛሬ ገበያ ነው፤ አባባ መውጫው ላይ ቆመዋል። ወደ ስማዳ የሚመለሰውን ሁሉ ስለ ማርያም እያሉ፣ ባዶውን በሚሄደው አህያ አንዳንድ ጆንያ ያስጭናሉ። እምቢ ያለ የለም። መኪናዋ መለዋወጫዋን ትጠብቅ። ካሳ አብሮ ይሄዳል። አህያ መንዳት ግን አያውቅም፣ ከፊት ሆኖ ይጎትታል። ከኋላ፣ ከኋላ ይሉታል አባባ፣ ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል።

እየተጣሩ ነው። እስከ ወንዙ እሸኛችኋለሁ ብያለሁ። ስንቁን ግን የሦስት ሰው አድርጌ ቋጥሬአለሁ።