የአንገቴ ምስክርነት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ብርዱ በረታብሽ ወይስ ተሻለሽ? ጎረቤቱስ፣ ምእመኑስ፣ ላሚቷስ ደህና ናቸው? እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ለእናት አይዋሽም ብዬ ተውኩት። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ስትደውዪ የማላነሳው ጠግቤ አይደለም። «ከተማ በላት፣ እናቷን ረሳች» ማለትሽን ሀቢባ ነግራኛለች። አያት ኮንዶሚኒየም በር ለበር የምንኖር ጎረቤቴ ናት፤ «ሥራ በዝቶባት ነው» እያለች ስትዋሽልኝ የከረመችው እኔ ለምኛት ነው። እውነቱ ይኸውልሽ፤ ጉሮሮዬ ላይ ካንሰር ወጣ፣ ሐኪሞቹም ከነድምፄ ቆርጠው አወጡት። አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በከፈቱልኝ ቀዳዳ ነው። ድምፅ የለኝም እማዬ። ያ ከልጅነቴ ጀምሮ ስዘምርበት እልል የምትዪበት ድምፅ፣ የለም።

ሩዋንዳ ሰፈር ያለው የእንግዳ ማረፊያም ስልክ የማታነሳ እንግዳ ተቀባይ ምን ታደርግልናለች ብሎ አሰናበተኝ። እነሱ ላይ አልፈርድም። የፈረድኩት እግዚአብሔር ላይ ነው። አትቆጪኝ! ባሌን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። ድምፄን ሲወስድ ግን፣ «ከዚህ ሌላ ምን ነበረኝ?» አልኩት። በልቤ ነዋ፣ በምን አፌ!

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቼ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ልጄ ረሆቦት ካልሄድን ብላ ስታለቅስ ጊዜ ሄድን። ሻርፕ ጠምጥሜ ኋላ ተቀመጥኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ መድረክ መሪው ያቤጽ አየኝ። ለትምህርት ውጭ አገር ከርሞ ገና መመለሱ ነው፤ መታመሜን እንጂ የሆንኩትን አልሰማም። «እህታችን ድና መጥታለች! ጌታ ያደረገላትን ከአፏ እንስማ!» ብሎ እስከ መቀመጫዬ ወርዶ ማይኩን አስያዘኝ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የሚያውቁት አንገታቸውን ደፉ።

ንድድ አለኝ እማዬ። ያደረገልኝን ይስሙት ብዬ ሻርፑን ፈታሁና ማይኩን ቀዳዳው ላይ ደገንኩት። ትንፋሼ ሲር፣ ሲር እያለ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያቤጽ ፊቱ አመድ መሰለ። እግዚአብሔርን በሰው ፊት ላሳጣው ነበር ያሰብኩት።

ረሆቦት ሰዉ ለምን እንደደነገጠ ግራ ገብቷት፣ «የእማዬ ትንፋሽ እኮ ነው፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን እየሰማሁ ነው» አለች። ማይኩ አጠገብ ስለነበረች ሁሉም ሰማት።

እኔ ያን ሲርታ እየተጸየፍኩ በትራስ ሳፍነው፣ ልጄ ለካ ትተኛበት ኖሯል! ለማመስገን የግድ ድምፅ አያስፈልግም፤ የዳዊት መዝሙር መጨረሻው ላይ «እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን» የሚለውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ማይኩን አላወረድኩትም። እያለቀስኩ እዚያው ተነፈስኩለት። አንዲት እናት እልል አሉ፣ ጉባኤውም ተከተላቸው። ቁጣዬ ሁሉ ለቀቀኝ አልልሽም፤ ዛሬም ጠዋት ከእሱ ጋር ተኳርፈን ነበር። ግን ተመስገን እለዋለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው። ልጅ ሰጥቶኛል፣ አንቺን አቆይቶልኛል።

ሐኪሙ ሳንባዬን አይቶ ሌላም ነገር ነግሮኛል። እሱን በወረቀት አላሰፍረውም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ረሆቦት ናት። የሀቢባ ባል ሙራድ ለንግድ ወደ ሆሳዕና ሲወርድ ይዟት ይመጣል። ለዕረፍት ነው ብያታለሁ፤ አንቺም እንደዚያው በያት። የክረምቱንም የበጋውንም ልብሷን አስይዣታለሁ። የክትባት ካርዷና የትምህርት ቤት መሸኛዋ ሻንጣው ኪስ ውስጥ ናቸው። ፀጉሯን ስትሠሪያት አመመኝ፣ ይብቃኝ ትላለች፤ አትዘኚላት፣ ተንኮለኛ ናት። ቀሚሶቿን ሁሉ ሰፋ ያሉ ገዝቼ ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፍቻቸዋለሁ፤ እያደገች ስትሄድ ክሩን እየፈታሽ አስረዝሚላት።

ጌታ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደጅሽን ይባርክልኝ። ዕድሜሽንም ያርዝምልኝ እማዬ። ለራሴ መለመኑን ትቼ አሁን የምለምነው ያንቺን ዕድሜ ብቻ ነው።

ልጅሽ