ትንፋሻቸው ሳይታይ ሞቱ ስለ ተባሉ አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች

መጋቢት 7 ቀን 2003 ዓ.ም
ጎሽ ሜዳ፣ እስቴ

ለተከበሩ አቶ ኃይለ ሚካኤል
የጎሽ ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ወንበርዎም ጭምር እንደምን ከርመዋል? እኔ የእርስዎን ደግነት ሳስብ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ካገዱኝ ወዲህ አርፎ ተሽሎታል።

አስቀድሜ ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዳዊት ሳልጨርስ ለእርሻ የተጠራሁ፣ የቀረውን በመሠረተ ትምህርት የለቃቀምሁ ሰው ስለ ሆንሁ ፊደሌ እንደ ጥጃ እየዘለለ ከመስመር ይወጣል። እርስዎ ግን ዲፕሎማ ያለዎት ስለሆኑ የተጣመመውን አቃንተው ያነቡልኛል፤ ቀጥ ያለውን ሲያጣምሙ አይቻለሁና ተቃራኒውም አያቅትዎትም።

ይህ ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለሚለጠፍ፣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ጥጋቡ አበጀ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ። ከጥምቀት ማግስት በኮምፒውተር ክፍሉ ያሉት አሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ባንድ ጊዜ አልነሣ አሉ። ኮሚቴዎ ተሰብስቦ «ዘበኛው ጀኔሬተር ሲያስነሣ በቸልተኝነት አቃጥሏቸዋል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዘ። እርስዎም በወላጆች ስብሰባ ተነሥተው፣ መረጃውን ሁሉ በቢሮዎ ኮምፒውተር እንዳጣሩ ተናግረው ስሜን አነበቡ። እኔ ታገድሁ፤ ልጆቹ ወረቀት ላይ በተሣለ ኪቦርድ ጣታቸውን ማለማመድ ያዙ፤ ኮምፒውተሮቹም በመጪው ዓርብ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ለጨረታ እንዲወጡ ተወሰነ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ስለዚህ ነው መቸኮሌ።

ቅሬታዎቼን ከነምስጋናቸው እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። እርስዎ እንደሚያውቁት ሠላሳ ዓመት የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ። በእኛ አገር ጥሩምባ ነፊ በወሬ አይነፋም፤ ሬሳው ካለበት ገብቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ትንፋሽ መቅረቱን አረጋግጦ ነው የሚወጣ። ይህን ሥርዓት እኔ የተማርሁት በውርደት ነው። አንድ ክረምት አያ ደሴ ከበቅሎ ወድቀው አረፉ ሲሉኝ፣ ዝናቡን ጠልቼ ከደጄ ቆሜ ነፋሁት። አገሩ ተሰብስቦ ሲላቀስ አያ ደሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከወፍጮ መጡና ከሰው ጋር ተቀመጡ፤ ሟቹ ማን እንደሆነ የተነገራቸው ጥቂት ካለቀሱ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ጥጋቡ፣ ዛሬስ አለሁ ወይ?» ይሉኛል። የእርስዎ ኮሚቴ ግን አሥራ አንዱን ባንድ ጠዋት ገድሎ፣ ሦስት ፊርማና አንድ ማኅተም አሳርፎ ለምሳ ተነሣ። እኔ ይህን ያህል ፈጣን ብሆን ኖሮ በእድሩ ውስጥ ሰው ባልተረፈ።

2ኛ. ስለ ባለሙያዎ ምርመራ። ኮሚቴው ያስመጣው ባለሙያ ከየኮምፒውተሩ ሆድ መብራት የሚያከፋፍለውን የብረት ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላይ የሚሉትን፣ እያወጣ ብቻውን ኮሪደሩ ላይ ካለው ሶኬት ሰካው፤ ማራገቢያው እስኪዞር እጁን አጣምሮ ቆመ፤ አልዞር ሲል «ሙት» ብሎ ጻፈ። አሥራ አንድ ጊዜ። እኔ ይህን ነገር ይዤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወረድሁና ሬድዮም ኮምፒውተርም የሚጠግነውን ቸሬን ጠየቅሁት። ስቆ ሲያበቃ «አያ ጥጋቡ፣ ይህ ሳጥን ከኮምፒውተሩ ከወጣ ብቻውን አይነሣም፤ ተነሣ የሚለው ይፈልጋል። ባለሙያችሁ የተኛ ሰው ሳይቀሰቅስ ገንዞ ሄዷል» አለኝ። ከዚያም በሁለት ቄብ ዶሮ ዋጋ አንዲት መሞከሪያ ሸጠልኝ፤ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ ስትያዝ የማትከብድ። የሳጥኑን ወፍራም የገመድ ጅራት ይሰኩባታል፤ በኮምፒውተሩ ፈንታ ተነሣ ትለዋለች፤ ጤነኛ ከሆነ መብራቶቿ ሁሉ ይበራሉ፤ አንዱ ቢቀር ሳጥኑ ሕመም አለበት፤ ጨርሶ ካልበራ ያኔ ልቅሶ ይፈቀዳል። ዲፕሎማ አትጠይቅም።

3ኛ. በእኔ ላይ ስላለዎት እምነት። ሲያግዱኝ ቁልፍ የሚረከብ ኮሚቴ ገና ስላልተቋቋመ፣ ኮምፒውተሮቹ ለጨረታ የተቆለፉበት የግምጃ ቤቱ ቁልፍ እስከ ዛሬ ከወገቤ አልወረደም። ስለዚህ ሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ የኮምፒውተር መምህርቷን ወይዘሮ ሐረገ ወይንን ምስክር አድርጌ ገባሁና አሥራ አንዱንም ሳጥኖች ተራ በተራ መሞከሪያዬ ላይ ሰካኋቸው። ዘጠኙ መብራታቸው ሞልቶ በራ፤ ማራገቢያቸውም ዞረ። አሥረኛው አንድ መብራት ጎደለው። አሥራ አንደኛው ዝም አለ፤ ለእርሱ አዝኛለሁ። ቸሬ ግን አስጠንቅቆኝ ነበር፤ መሞከሪያዋ በሬው መቆሙን እንጂ ተጠምዶ ማረሱን አታሳይም። ስለዚህ መምህርቷ ዘጠኙን ወደየሆዳቸው መልሳ ከመምህራን ክፍል ሶኬት አስነሣቻቸው። ሁሉም ተነሡ። አንዱ ብቻ ቀኑን ረስቶ ከብዙ ዓመት በፊት ያለን ዘመን ሲቆጥር ተገኘ፤ ይህ በእኔም ዕድሜ ስለሚያጋጥም አልፈረድሁበትም።

4ኛ. ስለ ገዳዩ ማንነት። ታዲያ በክፍላቸው ሳሉ ለምን አልነሣ አሉ ቢሉ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁም ሣጥን ገፋ አድርገን ብናይ ወደ ክፍሉ ሶኬቶች የሚሄደውን ገመድ አይጥ ቆርጣዋለች። ስለዚህች አይጥ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ድመት እንዲፈቀድልኝ ጠይቄ «ለዚህ በጀት አልተያዘም» የሚል መልስ በእርስዎ ፊርማ ደርሶኛል። ወረቀቱ አለኝ። ግማሹን እሷው በልታዋለች፣ ማኅተሙ ግን ደኅና ነው።

5ኛ. ይህኛው ምስጋና የለበትም። ባለቤቴ ሰርኬ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። የእሷንም ጥሩምባ የነፋሁ እኔ ነኝ። ከመንፋቴ በፊት ካልጋዋ አጠገብ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ሰዉ ደጅ ቆሞ እስኪያጉረመርም ድረስ እጄን ካፍንጫዋ አላነሣሁም። ቸልተኛ ተብዬ ሦስት መቶ ወላጅ ፊት የተነበብሁት ይኸው እኔው ነኝ። ስለዚህ ጨረታው ይቅር፤ ቃለ ጉባኤውም በዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው ድምፅዎ፣ ተሽሮ ይነበብ። ኮሚቴው በዓይኑ ማየት ቢፈልግ መሞከሪያዬን አውሳለሁ፤ አያያዟንም አሳያለሁ።

ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ ዕረፍት፣ ለአይጧም ምሕረት እየለመንሁ፣ ከታገድሁበት ሥራ እስከ ዛሬ ያልተለየሁት ታማኝ ዘበኛዎ፣

ጥጋቡ አበጀ
(ፊርማ፤ እንዳይጠራጠሩ የአውራ ጣት አሻራ ተጨምሮበታል)

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለመምህርት ሐረገ ወይን
ለአያ ደሴ፣ ባሉበት (አሉ)

ሳልረሳው፦ ትናንት የእገዳ ደብዳቤዬን ግልባጭ ልወስድ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ባንቺዓለም፣ ደብዳቤው ገበያ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተጽፎ እስኪመጣ ይቀመጡ አለችኝ። ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ በእሷ ፈቃድ ያንን መረጃ ሁሉ ያጣሩበትን፣ ዳንቴል የለበሰውን የቢሮዎን ኮምፒውተር ከፍቼ መሞከሪያዬን ሰካሁበት። አንድም አልበራም። ሶኬቱ እንዳይሆን ብለን ሬድዮዋን ብንሰካበት ዘፈነ። ብጠይቃት «ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ እንዲሁ ነው፣ አያ ጥጋቡ» አለችኝ። ይህን ሞት እንግዲህ ገብቼ፣ በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ። ቀብሩ የሚሆንበትን ቀን ይላኩብኝ፤ ጥሩምባዬን ወልውዬ ተቀምጫለሁ።