ክብርት ጥቁር ኳስ እሁድ ከምሳ በኋላ ስለመዋጣቸው የወጣ የሐዘን መግለጫ

ከሄሮን ቤት ደጃፍ የተመለሱ ተማሪዎች ማኅበር ለአባላቱ፣ ለዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ለሚመለከተው ሁሉ

የሄሮን ቤት ክበብ የመጨረሻዋ ጥቁር የድምፅ መስጫ ኳስ፣ ክብርት ጥቁር ኳስ፣ በተወለዱ በአንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ባለፈው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ የክበቡ አባል ተውጠው በድንገት የተለዩን መሆኑን ማኅበራችን የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው። መርዶው ሲደርሰን ከክበቡ ፊት ለፊት ባለው ሳንድዊች ቤት ተቀምጠን እየበላን ነበር። ሁላችንም ሳንድዊቻችንን አስቀመጥን። ቆይተን ግን በልተነዋል።

ሐዘናችን ለምን እንደጠና ለማያውቁ እናስረዳለን። ሄሮን ቤት በዩኒቨርሲቲያችን ካሉት ክበቦች ሁሉ በሩ የጠበበ ነው። በየመኸሩ ሠላሳ ያህል ተማሪ ለምሳ ይጠራል፤ ሹካ አያያዙ ይታያል፤ ስለ አያቱ ጀልባ ይጠየቃል፤ ከዚያ አባላቱ አንድ በአንድ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል እየገቡ በጽዋ ከተቀመጡት ኳሶች አንዱን አንሥተው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይጥሉበታል። ነጭ ኳስ ይግባ ማለት ነው፤ ጥቁር ኳስ አይግባ። አንዲት ጥቁር ከተገኘች ሌላው ሁሉ ነጭ ቢሆን ዋጋ የለውም። በዚህ ዓይነት የተመለሰ ሁሉ ያለ ማመልከቻ የእኛ ማኅበር አባል ይሆናል። ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነን። አንዳችንንም ሰው አልመለመለንም፤ የመለመሉን እርሳቸው ናቸው።

የሕይወት ታሪካቸው ባጭሩ የሚከተለው ነው።

በ1887 ዞጲ ከተባለ ጥቁር እንጨት፣ ከአሥራ አንድ እህቶቻቸው ጋር ተቀርጸው ወደ ክበቡ ገቡ። ቁመታቸው የወይራ ፍሬ ያህል ነበር። መሥራቹ ከእነዚህ ሌላ ጥቁር ኳስ እንዳይሠራ በደንቡ ላይ ጽፈው አረፉ።

በ1931 አንድ አባል ሁለት እህቶቻቸውን በኪሱ ይዞ ወጥቶ ለልጆቹ መጫወቻ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ኪሱን ወደ ውጭ ገልብጦ እንዲገባና እንዲወጣ ተደነገገ። ሌሎቹ እህቶቻቸው ግን አንዳንዶቹ በማሞቂያው ቀዳዳ፣ አንዳንዶቹ ማንም በማያውቀው ምክንያት ከጀልባ ወደ ወንዝ ገብተው አለቁ። ክብርት ጥቁር ኳስ ላለፉት አሥራ ስድስት ዓመታት ብቻቸውን ሠርተዋል።

ከ1971 እስከ 1983 «ሴቶች ይግቡ» የሚለው ሐሳብ በቀረበ ቁጥር አንድም ዓመት ሳያርፉ አገልግለዋል። በ1984 ግን አላገለገሉም። ምክንያቱን ብዙ ጠየቅን፤ በዚያ ዕለት አንድ አዛውንት አባል ጉንፋን ይዟቸው ቀርተው ነበር ከማለት በቀር የሚነግረን አላገኘንም።

ባለፈው ዓመት የማኅበራችንን የአሁኑን ጸሐፊ፣ ፊኒያስ ትሬድዌልን፣ አመጡልን። ይህ አገልግሎታቸው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ፊኒያስ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ከካስፐር ሆልምግሬን ጋር በአንድ ክፍል ይኖራል። ካስፐር በሁለተኛ ዓመቱ ሄሮን ቤት ገባ። ፊኒያስ በሦስተኛ ዓመቱ ተጠራ፤ ጥቁር ኳስ ተጣለበትና ተመለሰ። የክበቡ አባል ምን እንደጣለ እንዳይናገር ይምላል፤ ስለዚህ ፊኒያስ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ በአፉ ይዞ ካስፐር አጠገብ ተኛ። ካስፐር ነበር ወይስ አልነበረም? ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለ መስኮቱ መከፈትና መዘጋት ካልሆነ ብዙ እንደማይነጋገሩ ጎረቤቶቻቸው ይመሰክራሉ። ዘንድሮ ፊኒያስ እንደገና ተጠራ። በጸደይ ስለሚመረቅ የመጨረሻው ዕድሉ ነው። ካልገባ ማኅበራችን አያዝንም ነበር፤ ጥሩ ጸሐፊ ነው፣ የእጅ ጽሑፉም ይነበባል። እሱ ግን የፈለገው መግባቱን ሳይሆን ማወቁን ነበር።

የአሟሟታቸው ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። እሁድ ዕለት በመጀመሪያ የቀረበው ስም የፊኒያስ ነው። አሥራ አንድ አባላት ነበሩ። ካስፐር አራተኛ ገባ፤ ነጩን ኳስ ሣጥኑ ውስጥ ጣለ፤ ጥቁሯን ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይጥላት አነሳት። የሚደብቅበት አጣ። ኪስ የለም፣ እጅጌ የለም። አፉ ውስጥ ከተታት። ከእሱ በኋላ የገቡት ሰባቱ ጥቁሯን ከቦታዋ ሲያጧት እያንዳንዳቸው «ሌላ ሰው ቀድሞኝ ጥሏታል» ብለው ነጭ ጥለው ወጡ፤ መነጋገር ክልክል ነዋ። ቀጥሎ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ቆሞ አንድ ብርጭቆ የፖም መጠጥ በአንድ ትንፋሽ የሚጨልጥበት ሥርዓት አለ። ያልጨለጠ ከክበቡ ይባረራል። ካስፐር ጨለጠ።

ሣጥኑ ሲከፈት አሥራ አንድ ነጭ ወጣ። መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ቀጥሎ የተባለውን ከመንገድ ማዶ ሆነን በጆሯችን ሰምተናል፤ ለታሪክ እንዲቀመጥም እንዳለ እናሰፍረዋለን።

«ኧረ ወዴት ገባች? አንተ አልጣልካትም እንዴ?»

«እኔ? አንተ የጣልካት መስሎኝ እኮ ነው እጄን ሰብስቤ የወጣሁት!»

«እኔም እሱ መስሎኝ ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ፕሬዚዳንቷ ሄንሪታ ላድሎው። «ስንታችሁ ናችሁ ልትጥሉበት የነበረው?»

አጉተመተሙ። ከእኛ ወገን አንዱ «ጮክ በሉ፣ አይሰማም!» አላቸው።

«ካስፐር፣ አንተስ? ምነው ፊትህ እንዲህ ቀላ?»

«ዋጥኳት» አለ ካስፐር።

ሄንሪታ መጥታ መስኮቱን ዘጋችብን። ድርጊቱን ማኅበራችን በጥብቅ ያወግዛል።

ከዚያ ካስፐር ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ተወሰደ። ማኅበራችንም አበባ ይዞ የልዑካን ቡድን ላከ፤ አበባው ለእርሳቸው እንጂ ለካስፐር አልነበረም። ራጅ ተነሥቶ ነበር። የክብርት ጥቁር ኳስ የመጨረሻ ፎቶግራፍ በመሆኑ ከዚህ መግለጫ ጋር ለማያያዝ ብንጠይቅም ተከልክለናል። ሄንሪታ ውስጡ ሐር የለበሰ ትንሽ ሣጥን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሲስተር፣ መቼ ነው የምትመለስልን?» ብላ ጠየቀች።

ሲስተር ግላዲስ በዚህ ክሊኒክ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። «የእኔ ቆንጆ፣ ቸኩለሽ ከሆነ ወንበር ስቢና እዚሁ ጠብቂ» አሏት። ወደ ካስፐርም ዞረው «አንተ ደግሞ ውኃ ጠጣ። ስንት ሳንቲም፣ ስንት ቁልፍ ሲዋጥ አይቻለሁ፤ መንገዱን ራሷ ታገኘዋለች» አሉት።

ፊኒያስ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። በእጁ የክበቡን ደብዳቤ ይዟል፤ ጥቁር ስላልተገኘ በደንቡ መሠረት ገብቷል ማለት ነው። እስከ አርብ ቀትር ድረስ እሺ ወይም አይ ብሎ እንዲጽፍ ይጠይቃል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለእኔ ብለህ ነው የዋጥካት?»

«ልውጣት አላልኩም። ልደብቃት ነበር።»

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ። ዓመቱን ሙሉ ያምናውን የጣልከው አንተ ነህ ብዬ ስጠረጥርህ ነው የኖርኩት።»

ካስፐር ጣሪያውን አየ። መሐላውን የምታስከብረው ሄንሪታ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር።

«ያምናውማ እኔ ነኝ» አለ።

የልዑካን ቡድናችን አበባውን ይዞ የሚገባበት አጣ። ሄንሪታም ሣጥኗን ዘጋች።

«ለምን?» አለ ፊኒያስ።

«የትም ብሄድ አንተ ቀድመህ ትወደዳለህ። ቤታችን ስትመጣ እናቴ እንኳን መጀመሪያ የምታጎርሰው አንተን ነው። አንድ ቤት ለብቻዬ ፈለግኩ። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ገብቼ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።»

ፊኒያስ ደብዳቤውን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋ። ልዑካኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ እንኳን ለመቀለድ አልደፈረም፤ ይህም በማኅበራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

«አንተ ከንቱ!» አለ በመጨረሻ። «አሁን በሩ ላይ ስደርስ ስለጠረጠርኩህ ምን ያህል እንዳፈርኩ ታውቃለህ? በል፣ ሐፍረቴን መልስልኝ!»

ካስፐር መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አለቀሰ፣ ከዚያ ሆዱን ያዘ። ሲስተር ግላዲስ «ጎሽ፣ ሳቅ ይረዳታል» አሉ። ፊኒያስ ከካስፐር ትሪ ላይ ጣፋጭ ፑዲንጉን አንስቶ ሳያስፈቅድ እየበላ «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ጠየቀው።

«እውነቱን ልንገርህ? ምግቡ እንኳን አይረባም።»

«ይህንን አምና ብትነግረኝ ምን ነበረበት!»

ማኅበራችን በዚህ አጋጣሚ በየጽዋው ለሚገኙት ነጭ ኳሶች፣ ለብዙ ዘመን በትዕግሥት ላስተናገዳቸው ለድምፅ መስጫው ሣጥን፣ በዚያ ቀን ሊጥሏቸው አስበው ሳይሳካላቸው ለቀሩት አባላት፣ እንዲሁም ለሄንሪታ ላድሎው መጽናናትን ይመኛል። ከእንግዲህ የሚያመጣልን ስለሌለ የአባላት ቁጥራችን በሁለት መቶ አሥራ አራት ሊቆም እንደሚችልም በሐዘን እንገልጻለን።

ይህ መግለጫ ከመለጠፉ በፊት የደረሰን ተጨማሪ መረጃ አለ። ክብርት ጥቁር ኳስ ማክሰኞ ጠዋት በሰላም ወጥተዋል። በመሆኑም ሞተዋል ያልነውን እናነሳለን። ክበቡ ግን በድጋሚ በእጁ ሊነካቸው የሚፈልግ አባል እስካሁን አላገኘም። ፊኒያስ ለደብዳቤው መልስ አልጻፈም፤ በዚያው ቀን ከካስፐር ጋር በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ተቀምጠው የምስር ሾርባውን ሲያሙ ታይተዋል።

ነገሩን መልሰን ስናየው፣ አንድ ልጅ ትንሽ እንጨት ዋጠ፤ እንጨቱ ወጣ፤ ጓደኛው ይቅር አለው። ለዚህ ሁሉ መግለጫ ማውጣታችን ትንሽ እንደበዛ ማኅበራችን አምኖ ይቀበላል።