ፍየሏን ያለዘብክበት ባልዲ

ለምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ስድስት ወር አልፎ መንፈቅህን ካወጣን ሦስት ሳምንት ሆነን። በአፌ ብዙ እንደማልናገር ታውቃለህ፤ በወረቀት ግን ትንሽ ይቀለኛል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ጽሑፌ ቢወላገድ አትታዘበኝ።

ጎሮ ተለውጧል። ከደጃችን ሆነን የረር ተራራን የምናይበት ክፍተት በአዲስ ፎቅ ተደፍኗል። አስፋልት እስከ በራችን ሊመጣ ነው ይላሉ፤ ለጊዜው የመጣው አቧራው ብቻ ነው። እማዬ አንተ በሹፌርነት ትሠራበት በነበረው የመኖሪያ ግቢ ተቀጥራ አትክልት ትንከባከባለች፤ እኔም እያገዝኳት እዚያው እውላለሁ። አያቴ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ እሷ ጽጌረዳ ትተክላለች። የመጀመሪያ ቀን አልቅሳ ነበር። አሁን ጽጌረዳዎቹን እንደ ልጆቿ ትቆጣቸዋለች።

የምጽፍልህ ግን ስለ ፍየሏ ነው።

ያቺ ትንሽ የሥራ መኪና ወደ ግቢው የመጣች ሰሞን ትዝ ይልሃል? ሌላ መኪና እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። እሷ ግን እንደሚጎትቷት ፍየል አራት እግሯን ተክላ ቀጥ ትላለች፤ ከኋላ የጫንካቸው ችግኞችም ይደፋሉ። እማዬ ምሳህን ይዛ መጥታ ይህን አየችና «ይቺማ ፍየል ናት፤ ቅጠል አሳያትና ትሂድልህ!» አለችህ። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ ስሟም በዚያው ጸና።

አንተ ከሥሯ ገባህ። ስትወጣ ለእኔ ያስረዳኸኝ እንደ ገበሬ ነበር። ይቺ መኪና ማርሽና ፍሪሲዮን የላትም አልከኝ፤ ሞተሩ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማውን ያዞራል። ፔዳሉን ስትጫን የዘይቱ መንገድ ይከፈታል። እግርህን ስታነሳ ደግሞ ሞላው ፔዳሉን ፈንጥሮ ይመልሰውና መንገዱ ባንዴ ይዘጋል። «ቦይ ባንድ አካፋ አፈር ሲደፈን ውሃው ምን ይሆናል? ይፈነዳል! ቀስ ተብሎ ነው የሚዘጋው» አልከኝ። ስለዚህ ሞላውን የሚወጥረውን ዳዶ ማላላት ጀመርክ።

ስንት እንደሚላላ የሚነግርህ መጽሐፍ አልነበረህም፤ ባልዲ ነበረህ። እስከ አፉ ውሃ ሞልተህ ከኋላ አስቀመጥከው፤ እኔን ከአጠገቡ። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፣ ዩኒፎርሜን እንኳ አላወለቅኩም። «መናገር አይጠበቅብሽም። ውሃው ከፈሰሰ እጅሽን አንሺ፤ እኔ በመስታወቱ አይሻለሁ» አልከኝ። ትነዳለህ፣ እግርህን ታነሳለህ፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ ይገለበጣል፣ እጄን አነሳለሁ። ትወርድና ዳዶውን ግማሽ ዙር ታላላለህ፤ ባልዲውንም መልሰህ ትሞላለህ። «ሱታ፣ ቦንቱዬ፣ ሱታ» ትለኛለህ በቤታችን ቋንቋ፤ ቀስ በቀስ ይሆናል ማለትህ ነው። አንዴ አብዝተህ አላልተኸው ፍየሏ አልቆም ብላ ወደ ጥበቃው ቤት ስትሄድ ዘበኛው ወንበሩን አንጠልጥሎ «ኧረ ሰውዬ፣ ፍየልህ ልትበላኝ ነው!» እያለ ሮጠ። ግማሽ ዙር መልሰህ አጠበቅከው። መጨረሻ ላይ በሩ አጠገብ ያለው ቁልቁለት ላይ ወስደህ እግርህን አነሳህና ጸጥ ብላ መቆሟን አየህ። ያለዚያ ሥራው አላለቀም አልክ።

አባዬ፣ ክፍል ውስጥ መምህሮቼ «ድምፅሽ አይሰማም» ሲሉኝ ነበር የኖርኩት። አንተ ግን ድምፅ የማይፈልግ ሥራ ሰጠኸኝ። ያን ቀን ለምን እንዳመሰግንህ አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቃለሁ።

አንተ ካረፍክ በኋላ ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉ መካኒክ ከቦሌ ሚካኤል መጥተው ፍየሏን አዩ። ፔዳሉን ተጭነው ሲለቁት እየተጎተተ ተመለሰ። «ሞላው ሞቷል» አሉና በአዲስ ቀይረው ዳዶውን እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ለክፋት አይደለም። አንተ በግማሽ በግማሽ ዙር የደከምክበት ነገር ለማያውቅ ሰው እርጅና ነው የሚመስለው። ፍየሏም ወደ ድሮ ጠባይዋ ተመለሰች።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ችግኞቹን ደግፋ ከኋላ ተቀምጣ ሳለ አዲሱ ሹፌር ደረጀ እግሩን አነሳ። እማዬ ተፈናጥራ በእጇ ወደቀች። «ፍሬን አልነካሁም እኮ፣ ማርያምን!» እያለ ማለ፤ እውነቱንም ነው። እማዬ የእጇን አንጓ በነጠላዋ ጫፍ አስራ «ምንም አልሆንኩም» አለች። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ቀን በጭንቅላቷ ብትወድቅስ? ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግን አፌን መክፈት አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ተስፋዬ ፍሬኑን ሊያዩ መጡ። ትንሽ ከኋላቸው ቆምኩ። ከዚያ ባልዲውን ከቧንቧው እስከ አፉ ሞልቼ ከኋላ አስቀመጥኩና አጠገቡ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ልብስ ልታጥቢልን ነው?» አለ ደረጀ።

«ምንድን ነው ልጄ?» አሉ ጋሽ ተስፋዬ።

«ሞላው... አልሞተም ነበር። አባቴ ነው ያላላው» አልኩ።

አዩኝ። ባልዲውንም አዩት። ከዚያ መፍቻቸውን አነሱ።

ደረጀ ነዳ፤ ውሃው ፈሰሰ፤ እጄን አነሳሁ። አላየኝም። ለካ መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል! እጄ ብቻውን አየር ላይ ቀረ። እማዬ ደግሞ ከጽጌረዳዎቹ መሃል አንጓዋን ይዛ እያየችኝ ነበር። «ፈሰሰ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ፎቁን መትቶ ወደ እኔ ተመለሰ። ጋሽ ተስፋዬ ከሥር ገብተው ዳዶውን አላሉ፤ እኔም ባልዲውን መልሼ ሞላሁ። ግማሽ ዙር። «ፈሰሰ!» ግማሽ ዙር። በስድስተኛው ላይ ጋሽ ተስፋዬ ከሥር ሆነው «ይሄን ድምፅ እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው?» ብለው ሳቁ። በሰባተኛው ውሃው የባልዲውን አፍ ነክቶ ተመለሰ። ቁልቁለቱ ላይ ሳንሞክር አንሄድም ያልኩትም እኔ ነኝ። ቆመች። ጋሽ ተስፋዬ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ብልሽት ያልኩት የሰው ሙያ ነው ለካ። ነፍሱን ይማር» አሉ።

ዛሬ እማዬ ከኋላ ተቀምጣ ሳለ ደረጀ እግሩን አነሳ። ችግኞቹ ትንሽ ጎንበስ ብለው ቀና አሉ። እማዬም አብራቸው። «ፍየሏ አደብ ገዛች» አለች፤ ፊቷን ግን ወደ ሌላ አዞረች።

አባዬ፣ አመሰግንሃለሁ። እንድናገር ስላላስገደድከኝ፣ መናገር ግድ በሆነብኝ ቀን ደግሞ የምናገረው ነገር ስለተውክልኝ። ከፔዳሉ ሥር ያለው ብረት ላይ በነጭ ቀለም እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «ሞላው አልደከመም። ሆን ተብሎ ነው የላላው።» ክረምቱ ሲያጥበው፣ ጭቃው ሲፍቀው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።

ልጅህ ቦንቱ