ዘጠኝ የአክብሮት ቃላትና አንድ የተሰበረ ዳሌ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአዛውንት ክፍሉን ግድግዳ ስላስዋቡልን ምስጋና ስለ ማቅረብ

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጠጉርዎ እንደተቀባ፣ ወገብዎ እንደቀና፣ ጉልበትዎም ደረጃውን ያለ ድጋፍ እንደወጣ እንዲቆይልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ በእርስዎ ሆስፒታል ማርጀት ምን እንደሚመስል ከእርስዎ ይልቅ እኔ ስለማውቅ ነው።

ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ጽሕፈት ቤትዎ ደውሎ ለምኖኝ «ክቡራን አዛውንት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በዘጠኝ ቋንቋ የጻፍኩልዎ ጡረተኛ ተርጓሚ ነኝ። በምረቃው ዕለት ሪባኑን ቆርጠው ሲያበቁ እጄን ጨብጠው «እማማ፣ ገና ጠንካራ ነዎት እኮ» ብለውኛል። በመካከላችን ያለው የዕድሜ ልዩነት እናትና ልጅ የሚያሰኝ ባይሆንም ደስ ብሎኛል። ሥራው ሲሰጠኝም ሆነ ያን ዕለት ስሜን ስላልጠየቁኝ ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ የአባቴ ስም ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከግቢዎ በሬሳ ሳጥን የወጣችው የታላቅ እህቴ የአባት ስም መሆኑን ይደርሱበት ነበር፤ እኔም ሥራውን ባላገኘሁት።

እንግዲህ የምስጋናዬን ምክንያቶች በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ፦ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስሮጥ የኖረች የስፖርት መምህርት ነበረች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወድቃ ድንገተኛ ክፍል ስናመጣት፣ ወጣቱ ሐኪምዎ እግሯን ሳይነካ በራሷ ላይ አሻግሮ እኔን «ስንት ዓመታቸው ነው?» አለኝ። እሷም ወግ አይቀርምና «እኔን ጠይቀኝ ልጄ፣ የተጎዳው እግሬ ነው እንጂ አፌ አይደለም» ብትለው ፈገግ ብሎ አሁንም ወደ እኔ ዞረ። ዕድሜዋን ሲሰማ ካርዱ ላይ «እርጅና» ብሎ ጻፈና ማስታገሻ አዞ ሸኘን። የሰውን ሕመም ከልደቱ ዓመት ብቻ አንብቦ የሚያውቅ ሐኪም ስላሳደጉልን አመሰግናለሁ። ለእሱ መሣሪያም ጓንትም መግዛት አያስፈልግም፤ ቀን መቁጠሪያ ይበቃዋል።

2ኛ፦ መቆም አቅቷት ሁለተኛ ስናመጣት ሌላው ሐኪም የመጀመሪያውን የእጅ ጽሑፍ አንብቦ ተስማማ። በሙያ ባልደረቦች መካከል ያለው ይህ መከባበር ልብ ይነካል። ለሦስተኛ ጊዜ ጎረቤቶች በፍራሽ ተሸክመው ሲያመጧት፣ ገና ባይሞትም ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ የራጅ ባለሙያ በራሱ ፈቃድ ራጅ አነሳት። የዳሌዋ አጥንት ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ተሰብሮ ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ከመተኛት ብዛት ሳንባዋ ተጠቅቶ ስለነበር ኮሪደር ላይ፣ ወረፋ ስትጠብቅ ሞተች። የሞት ማስረጃዋ ላይም ምክንያቱ «እርጅና» ተብሏል። አዝኛለሁ ብዬ አላለዝብልዎትም። ተናድጃለሁ፤ ስነሳም ስተኛም ተናድጃለሁ።

3ኛ፦ ሠራተኞች ከእንግዲህ «አሮጊት» እንዳይሉ፣ «የዕድሜ ባለጸጋ» እንዲሉ ማዘዝዎን ሰምቼ ትእዛዝዎ ሲፈጸም በዓይኔ ለማየት መጣሁ። አንዲት ነርስ አስታማሚውን «የዕድሜ ባለጸጋዋን ወዲያ ግፋልኝ፣ መንገድ ዘጋች» ስትለው ሰማሁ። ተሻሽላችኋል።

4ኛ፦ ሙያዬ ነውና ስለ ቃላቱ ትንሽ ልበል። ላቲኖች «ሽማግሌ» ከሚል አንድ ሥር የአገር ሸንጎን ስምም የጃጀ ሰውን ስምም አውጥተዋል፤ ዳይሬክተር ለሆነ ሰው የሚስማማው የትኛው እንደሆነ ጊዜ ያሳይዎታል። አረቦች ወንዱን ሲያረጅ «ሸይኽ» ብለው ያከብሩታል፤ ለሴቲቱ የተረፈው «ዐጁዝ» ግን አቅም ከማጣት ሥር የተመዘዘ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪም ወንዱን «ምዜ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳለታል፤ አሮጊቷን «ኪዜ» ሲላት ግን «ኪ» የሚለውን የወንበርና የስኒ ቅጥያ ያውሳታል። እኛም ከማንም አላነስንም። ወንዱ አርጅቶ ሽማግሌ ይሆንና የተጣላ ያስታርቃል፤ ሴቲቱ አርጅታ አሮጊት ትሆንና ከአሮጌ ጫማ ጋር ሥር ትጋራለች። «አረጋዊት» የሚለው እርስዎ የሚወዱት ቃልም የዚያው ቤት ልጅ ነው፣ የክት ልብስ ለብሶ ነው እንጂ። እህቴ በየትኛውም ቃል ብትጠራ ግድ አልነበራትም፤ የፈለገችው እግሯን የሚነካላት ሰው ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሷን ለመመለስ አይደለም። ካርዶቻችን ላይ «እርጅና» የሚል የበሽታ ስም እንዳይጻፍ ያዝዙ፤ የምጠይቅዎ ይኸው ነው። ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ የተደገፉ ሴቶች አይቻለሁ፤ ዓይናቸው ሲቃብዝ ሐኪሙ ከልጆቻቸው ጋር ያወራል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ ደውሎ፣ ከአዛውንት ክፍሉ በር በላይ የሚሰቀል፣ ማንንም የማያስቀይም አዲስ መጠሪያ እንድፈልግ ጠይቆኛል። አገኘሁልዎ። በዘጠኙም ቋንቋ አለ፤ ወንድና ሴት አያበላልጥም፣ ዕድሜም አይቆጥርም። ቃሉ «ታማሚ» የሚል ነው።

የመጀመሪያው ሽበትዎ ከቀለሙ ሥር ብቅ እስኪል ድረስ በትሕትና የምጠብቅዎ፣
የአንዲት ታማሚ ታናሽ እህት

ግልባጭ፦
ለቀለም ቀቢው፣ እንዲዘጋጅ

ማሳሰቢያ፦ ግድግዳው ላይ ካሉት ዘጠኝ መስመሮች አንዱ «ክቡራን አዛውንት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አይልም። «ያረጃችሁ ሁሉ፣ እዚህ አትታመሙ» ይላል። ባለፈው አንድ ከዘራ የያዙ ሰውዬ አንብበውት ስቀው ስቀው ከበሩ ተመልሰዋል። የትኛው መስመር እንደሆነ ሊነግሩዎ የሚችሉ ባልንጀሮች አሉኝ፤ ችግሩ ሁሉም አሮጊቶች ናቸውና አሻግረው ማንን እንደሚጠይቁ እንጃ።