ስለማትነሳው ጀልባና በእጃችን ስለያዝነው እርጥብ ሳር

ይድረስ ለተከበሩ የሐይቅ ዳር ጀልባ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ የመኪናዎንም ሞተር ጭምር እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኔ ከአባያ ዳር፣ መኪና ከማይገባበት መንደር የምኖር ዓሣ አጥማጅ ጋሻዬ ጋኔቦ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። ቃሉ የእኔ ነው፤ ጽሕፈቱ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ማመልከቻ የሚጽፈው የልዑልሰገድ ነው። «የተከበሩ» የሚለውንም የጨመረው እሱ ስለሆነ ምስጋናውን ለእሱ ያድርሱልኝ።

በሽተኛ ወደ አርባ ምንጭ እንድታደርስ የሰጡን የናፍጣ ጀልባ አልነሳም ካለች ከርማለች። ቁልፉ ሲዞር ታጉረመርማለች፣ ታስላለች፣ ዝም ትላለች። ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. መጀመሪያ በስልክ «ባትሪው ደክሞ ነው» ተባልን። ባትሪውን ተሸክመን ቀን ሙሉ በእግር ሲቀላ ወስደን፣ አስሞልተን፣ ተሸክመን ተመለስን። ያው ናት። ትከሻችንን ስላጠነከሩልን እናመሰግናለን።

፪. ቀጥሎ የላኩልን ባለሙያ ጀልባዋን ከሩቅ አይቶ፣ ችግሩ ከሞተሩ ሳይሆን ከኅብረተሰቡ የባለቤትነት ስሜት ማነስ ነው ብሎ ስልጠና ሰጠን። ስልጠናው ደግ ነበር፣ ለስላሳም ጠጥተናል። ሞተሩ ግን አልተጋበዘም፤ አሁንም ስሜቱ አልተሻሻለም።

፫. ሲቀላ ያለው የከባድ መኪና መካኒክ ሸዋንዳኝ በእግሩ መጥቶ፣ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ወይም አየር ገብቶ እንደሁ ፊልትሮውን ከፍቼ ልየው አለ። አልቻለም፤ ንብረት እንዳይነካ ብላችሁ የሞተሩን ክዳን በሽቦና በእርሳስ ማኅተም አሽጋችሁታል። ቢከፍተው ትነሳ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እሱም አላውቅም ነው ያለው። በዚያች ጀልባ ላይ ሥራውን በደንብ የሚሠራው ማኅተሙ ብቻ ነው።

፬. እርስዎ በኪራይ ጀልባ ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ባለቤቴ ሚሪያም ታማብኝ በቃሬዛ ሐይቁ ዳር አውጥተናት ነበር። የእኛዋ እንደገና ተሞከረች፣ አልነሳችም። በጋሞ ደንብ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ሲንበረከክ ልመና ነው፤ ሊጣላ የመጣ ሰው እንኳ ቆሞ ይሰማዋል። እኛም በመጡበት ጀልባ እንዲወስዷት ሳር ይዘን ከፊትዎ ተንበረከክን። በእርስዎ አገር ሳር የሚጎዘጎዘው ለበዓል ነውና አቀባበል መሰለዎት። ፈገግ ብለው ሳሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። አፌን ስከፍት ካሜራ የያዘው ሰውዎ «አባባ፣ አንዴ ዝም ይበሉ፣ ድምፅ እየቀዳሁ ነው» አለኝ። በድንጋጤ አማርኛው ከአፌ ጠፋ። በጋሞኛ ጮህኩ። አጨበጨባችሁልኝ።

የእርስዎ ጀልባ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ጥሩ ሞተር ናት።

ድምፅዋ ከጆሯችን ሳይጠፋ ሚሪያም አረፈች። አላለቀስኩም፤ እስካሁንም አልመጣልኝም። መረቤን አጥባለሁ፣ የሰጡኝን እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ይህን የምለው እንዲያዝኑ አይደለም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ።

አሁን ልጄ ዕድላዊት ወሯ ገብቷል። በፊተኛው ወሊድ ደም በዝቶባት በእግዜር ነው የተረፈችው። አዲስ ጀልባ አልጠይቅም፣ ስልጠናም ይቅርብኝ። ማኅተሙን ይፍቱልንና ሸዋንዳኝ ክዳኑን ከፍቶ ይየው። ይኸው ነው ጥያቄዬ። ምጧ ድረስ ካልፈታችሁት በዓሣ ቢላዬ እቆርጠዋለሁ። የመንግሥት ንብረት ነካ ብላችሁ ልታስሩኝ ከፈለጋችሁ፣ እባካችሁ በሚነሳ ጀልባ ኑ፤ እኔን ስትወስዱ ልጄንም ታደርሱልኛላችሁ።

እኔ የሌለኝን ትዕግሥት ለእርስዎ እየተመኘሁ፣ ከጉልበቴ ተነሥቼ ቀጥ ብዬ የቆምኩ፣ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ አገልጋይዎ፣

ጋሻዬ ጋኔቦ

ማስታወሻ፦ «ነዋሪው ደስታውን በለምለም ሳር ገለጸ» ብላችሁ የለጠፋችሁትን ፎቶ ልዑልሰገድ በስልኩ አሳየኝ። ጥሩ ወጥቷል። በስተቀኝ ጥግ በጋቢ ተጠቅልላ የተኛችው ሚሪያም ናት። ደስ ካላቸው ነዋሪዎች ጋር እንዳትቆጥሯት፤ ፎቶውን ግን አታጥፉብኝ፣ ሌላ የላትም።